ከዚያ በኋላስ ጠየቀ ወይ?

እሁድ ሜሪላንድ ውስጥ ቡና ላይ ነበርን። ወሬው ወደ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ሄደና የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው የጆ ፓተርኖ ስም ተነሳ። ከመሃላችን አንዱ ፔን ስቴት ነው የተማረው። ይህ ስም ሲነሳ ዝም አይልም።

"46 የውድድር ዘመን አሰለጠነ፤ 409 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1982 እና በ1986 የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረጋቸው። በ2011 ግን ማታ በስልክ አባረሩት። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሞተ።"

ነርሷ ጓደኛችን አቋረጠችው። "ለምን እንዳባረሩት ንገራቸው እንጂ!"

ራሷ ነገረችን። በፈረንጆቹ 2001 አንድ ወጣት ረዳት ቅዳሜ ጠዋት ፓተርኖ ቤት ድረስ ሄደ። የቀድሞው ምክትል አሰልጣኝ ጄሪ ሳንደስኪ ሻወር ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ሲያደርግ ያየውን ነገረው። ሳንደስኪ በልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት በ2012 በ45 ክስ ጥፋተኛ ተባለ።

"ፓተርኖ ለአለቃው ተናግሯል እኮ! እሱ ላይ አንድም ክስ አልቀረበበትም" አለ ፔን ስቴት የተማረው።

ነርሷ መለሰችለት። "እኔ ሕፃን ተጎድቷል ብዬ ከጠረጠርኩ ለአለቃዬ ነግሬ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ራሴ እደውላለሁ። ፔንሲልቬኒያም ከዚህ ጉድ በኋላ ሕጉን እንደዚያ አድርጋ ቀየረችው።"

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም። "ልጄ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ በአንድ ጥፋት ስሙ ይጥፋ? ቤተ መጻሕፍቱ እንኳ በስሙ ነው። ራሱስ የበለጠ ባደረግሁ ኖሮ ብሎ ተጸጽቶ የለ?"

እሷም "ጋሼ፣ ይጸጸት፤ ግን አሥር ዓመት አለፈ እኮ" አለቻቸው።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ፓተርኖ ለፍርድ ሸንጎው በሰጠው ቃል፣ ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር የአለቆቹን የዕረፍት ቀን ማበላሸት እንዳልፈለገ ተናግሯል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። አለቆቹ ደግሞ ፖሊስ አልጠሩም። ሳንደስኪን ልጆች ወደዚህ ግቢ አታምጣ ብለው ተዉት። ግቢው ከዳነ ልጆቹ የትም ቢሆኑ ግድ አልነበራቸውም ማለት ነው። በዚያች ከተማ ከፓተርኖ በላይ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ያ ነገር የት ደረሰ፣ ልጁስ ማን ነው ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅ ማን ዝም ያሰኘው ነበር?

በዚህ ጉዳይ ቅጣት የፓተርኖ 111 ድል መሰረዙ ግን ስህተት ነበር። ሜዳ ላይ የደሙት ተጫዋቾች ምን አጠፉ? በ2015 መመለሱ ተገቢ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ገንዘብ ሰጥቶ፣ አስተባብሮ ያሠራው ነውና ስሙ ይቆይ። በ2012 ከቦታው እንዲወገድ የተደረገው ሐውልቱ ግን ተመልሶ መቆም የለበትም። ያኔ ልጆች የነበሩት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

መባረሩም ትክክል ነበር። ግን ሰው ልከው ፊት ለፊት ቢነግሩት ይሻል ነበር። እዚህ ላይ ፔን ስቴት የተማረው ወዳጃችን እውነት አለው።