የክብር እንግዳው እስኪመጡ

ዘንድሮ ሐዋሳ ላይ የአካል ጉዳተኞች የአትሌቲክስ ውድድር ተመልክቼ ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ምስጋናዬ ለሯጮቹ አይደለም፤ እነርሱ መሮጥ ልማዳቸው ነው። የማመሰግነው መድረኩን ነው።

ጥሪው ለ2 ሰዓት ነበር። ሯጮቹ የዋሆች ናቸውና 2 ሰዓት ማለት 2 ሰዓት መስሏቸው ቀድመው ሰውነታቸውን አሟሟቁ። አንድ ዓይነ ስውር ወጣትና መሪ ሯጩ እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዘው መነሻው መስመር ላይ ቆሙ። የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። የሐዋሳ ፀሐይ ሐይቅ አጠገብ ነኝ ብላ አትራራም፤ ገመዱ በላብ ርሶ ቀለሙ ተለወጠ። ድንኳንማ ነበረ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮችና የታሸገ ውኃም አልጠፋም። ግን ሯጭ ጥላ ሥር ከተቀመጠ ጡንቻው ይቀዘቅዝበታል ተብሎ ታስቦለት መሆን አለበት።

ንግግሩ 43 ደቂቃ ፈጀ። ያየሽ ጌቴ በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ ከመሪ ሯጯ ጋር 1,500 ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ከ68 መቶኛ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። በዚህ ስሌት እንግዳችን ሲናገሩ ርቀቱን ዘጠኝ ጊዜ ጨርሳ አሥረኛውን ከግማሽ አሳልፋ ነበር። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ማምጣቷና በፓሪስም መድገሟ፣ ይታያል ስለሺም እዚያው ብር ማግኘቱ በንግግሩ ውስጥ አለ፤ ስማቸው ብቻ የለም። «ሁለት ወርቅና አንድ ብር አስመዘገብን» ሲባል እኔ ራሴ ማን እንደሮጠ ለአፍታ ተጠራጠርኩ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ነበረ። ያቆሙት ከትልቁ የድምፅ ማጉያ ጀርባ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው ግን ደረጃው ነው። ሽልማት መስጫው መድረክ ሰባት ደረጃ አለው። በተሽከርካሪ ወንበር የተወዳደረችው አሸናፊ ስትጠራ አራት ጎልማሶች ከነወንበሯ አንሥተው እንደ ሙሽራ አወጧት። ፎቶ አንሺዎች ተረባረቡ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አንዲት እናት አለቀሱ። ልጅቷ ሁለት እጆቿን ወንበሩ ላይ አጥብቃ ቁልቁል ታያለች። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መውጫ ይመቻች ብሎ ነበር፤ ግን ተዳፋት መወጣጫ ቢሠራ ይህ ሁሉ ርኅራኄ በምን ይታይ ነበር? በጥቂት ሳንቃ ምክንያት እንዲህ ያለ ፎቶ ማጣት ኪሳራ ነው። እርሷን ለማውረድ ግን ከአራቱ የተገኙት ሁለት ናቸው። የቀሩት ከእንግዶቹ ጋር ወደ ዓሣው ሄደዋል።

የዚያ ዓይነ ስውር ወጣት ሜዳሊያ ከዚያ በፊት ተሰጥቷል። እንግዳው አንገቱ ላይ አጠለቁለትና በአገራችን የታወቀውን ጨዋታ ጀመሩ፤ እጁን ጨብጠው አልለቅም አሉ።

«እስቲ ማን ነኝ? እወቀኝ!»

«እንዴት አላውቅዎትም ጌታዬ» አላቸው። «ከ2 ሰዓት ጀምሮ ስጠብቅዎት የነበረው ነዎት።»