ለውርጩም ኑ
ተማሪዎች ክረምት ላይ ችግኝ ተከሉ፣ የአቅመ ደካሞችንም ቤት አደሱ የሚለውን አነበብኩ። እሰይ፣ እጃቸው ይባረክ! ግን እኛ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለን ሰዎች እናውቃለን፤ ችግኝ የሚጨርሰው ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ነው። ከተማዋ እኮ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀልድ አይደለም። አምና ከቤታችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ (የተከሉትን ስም አልጠራም) ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። መስከረም ላይ ወጥቼ ባይ ግማሹ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል፣ የቀረውን በግ በልቶታል። አንዷን የኮሶ ችግኝ ብቻ እናቴ ዙሪያዋን በእሾህ አጥራ፣ ሌሊት ሌሊት በገለባ እየሸፈነች አተረፈቻት። አሁን ጉልበቴ ጋ ደርሳለች። እና ልጆች፣ ለተከላው እንደመጣችሁ ለውርጩም ኑ። ደግሞ ባህር ዛፍ ይብቃን፤ ወፍ ዋሻ የሚባለው የተፈጥሮ ደን ወርዳችሁ ጥዱንና ዝግባውን እዩት። ገለባው ከእኛ።