የብር ማንቆርቆሪያውና እግር ብረቱ

በ1992 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባልቲሞር በሚገኘው የሜሪላንድ ታሪክ ማኅበር ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን ለእይታ ቀረበ። በውስጡ አንጥረኞች አበባና ሐረግ የፈለፈሉባቸው የብር ማንቆርቆሪያዎችና ዋንጫዎች ተደርድረዋል። መሀላቸው ላይ ባሪያ ይታሰርበት የነበረ እግር ብረት ተቀምጧል፤ ሸካራ፣ ጥቁር፣ አንድም ጌጥ የሌለው። መግለጫው አይሰብክም፣ አይወቅስም። «የብረታ ብረት ሥራ፣ 1793–1880» ብሎ ያበቃል።

ትርኢቱን ያዘጋጀው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ የጥበብ ሰው ፍሬድ ዊልሰን ነው። ማኅበሩ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተለት፤ እርሱም ሲበረብር ከረመ። አውጥቶ ካሳያቸው ነገሮች አብዛኞቹ የቤቱ የራሱ ንብረቶች ነበሩ፤ መዝገብ ላይ የሰፈሩ፣ ቁጥር የተሰጣቸው፣ ነገር ግን ብርሃን ያላዩ። በአማርኛ ብር የሚሠራው አንጥረኛ ነው፣ ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ። ሁለቱም እሳትና መዶሻ ይዘው ይውላሉ፤ ክብራቸው ግን ከስማቸው ጀምሮ ይለያያል። ያ ቤትም እንደዚሁ ለያይቷቸው ኖሯል፤ ብሩ አዳራሽ፣ ብረቱ ዕቃ ቤት። ዊልሰን ያደረገው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

በዚያው ትርኢት «የእንጨት ሥራ፣ 1820–1960» በሚል መግለጫ ሥር ያማሩ ባለመደገፊያ ወንበሮች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። ፊታቸውን ያዞሩት ሰው እየታሰረ ወደሚገረፍበት ግንድ ነው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ሆኖም እግር አነባብረው የሚያዩ ሰዎች ያሉባቸው ይመስላል። በሌላ ሥፍራ ናፖሊዮንን ጨምሮ የሦስት ነጮች ሐውልት በየመቆሚያው ላይ ቆሟል፤ በአጠገባቸው ያሉት ሦስት ጥቁር መቆሚያዎች ግን ባዶ ናቸው። የተጻፈባቸው ስም ሃሪየት ተብማን፣ ፍሬደሪክ ዳግላስና ቤንጃሚን ባነከር ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከባርነት አምልጠው ባርነትን የታገሉ፣ ሦስተኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ፤ ሦስቱም ጥቁር የሜሪላንድ ልጆች ናቸው፤ ናፖሊዮን ግን ሜሪላንድን በእግሩ አልረገጣትም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፋሽን ሆነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የቅኝ ግዛት ዘመን ጌጠኛ ዕቃ ያለው ብዙ ሙዚየም፣ በማሆጋኒ (ውድ፣ ቀላ ያለ እንጨት ነው) ጠረጴዛና በብር ሻይ ማፍያ መካከል የዘመናችንን ሥራ ማስገባት ይወዳል። አንዳንዱ ግሩም ነው። ናይጄሪያዊ-እንግሊዛዊው የጥበብ ሰው ዪንካ ሾኒባሬ በ2009 ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ እንደ ጥንቱ በተሰናዱት የመኖሪያ ክፍሎች ራስ የሌላቸው፣ ደማቅ የአፍሪካ ገበያ ጨርቅ የለበሱ የሕፃናት ምስሎችን አስቀምጦ ነበር። የባለጸጋ ሳሎን ውስጥ ሲጫወቱ ሳይ ፈገግ ብዬ ፈገግታዬ መልሶ ይከዳኛል፤ ያየኋቸው በፎቶግራፍ መሆኑን ግን ልናዘዝ።

ትርኢት ሲዘጋ ሕፃናቱ ይነሣሉ። ጠረጴዛው ይቀራል። መግለጫውም ይቀራል። ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሙዚየም ዘመነኛውን የጥበብ ሰው የሚጠራው የነፍስ አባት እንደሚጠራ ሰው ነው፤ ይናዘዝና፣ ቀኖናውን ለስድስት ወር ይፈጽምና፣ ወደ ቀድሞ ኑሮው ይመለሳል። በዚያ ላይ ተጋባዡ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስለሆነ ኃጢአቱን የሚናገረው ሌላ፣ ኃጢአተኛው ሌላ ይሆናል። ዕቃው ከየት እንደመጣ መናገር የባለ ዕቃው ግዴታ ነው፤ በተጋባዥ አፍ የሚነገር ነገር አልነበረም።

መግለጫ ካርድ ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ «ብር» የሚለውን ብቻ እንውሰድ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ቦስተን ውስጥ ገንዘብ የሚያስቀምጡበት ባንክ አልነበረም። ሀብታሙ የስፔን ሳንቲሙን አጠራቅሞ ወደ አንጥረኛ ይወስዳል፤ አንጥረኛው አቅልጦ ጎድጓዳ ሳሕን ወይም ማንቆርቆሪያ ይሠራለታል፤ ሌባ ቢወስደው በቅርጹና በተቀረጸው ስም ይታወቃል። ይህ ለእኛ ባዳ ታሪክ አይደለም፤ አያቶቻችንም ማርትሬዛ ብር እያስቀለጡ መስቀልና አልቦ አሠርተዋል። ማዕድኑንም ገንዘቡንም «ብር» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ ተናጋሪ ነገሩን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። የስፔኑ ብር ግን የሚወጣው ከሜክሲኮና ዛሬ ቦሊቪያ ከምንላት አገር፣ ከፖቶሲ ተራራ ነበር። በፖቶሲ የአንዲስ ሕዝቦች በግዳጅ ተራ እየተመደቡ ይቆፍሩ ነበር። ማሆጋኒውም እንዲሁ ነው። ጃማይካና ሆንዱራስ ጫካ ገብተው የቆረጡት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ካርዱ ግን «ማሆጋኒ፣ ቦስተን» ይላል፤ ዛፉ ቦስተን የበቀለ ይመስል።

አንድ ዕቃ በተለይ ከሐሳቤ አይወጣም። የፕሮቪደንሱ ነጋዴ ኒኮላስ ብራውን ያሠራው የማሆጋኒ መጻፊያና መጽሐፍ መደርደሪያ በ1989 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ 12.1 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። አንድ ቁም ሣጥን! ያሠሩት ሰው ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው በ1764 ሳሊ የተባለች መርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልከዋል። መርከቧ የጫነቻቸው 196 ሰዎች ነበሩ፤ ቢያንስ 109ኙ ሞቱ። ይህን ዘርዝሮ ለሕዝብ ያወጣው የዚያው ቤተሰብ ስም መጠሪያው የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ2006። የሣጥኑን መሳቢያ የተከሉት አናጺዎች እጅ የተባረከ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። እኔ የምለው ሁለቱ ቁጥሮች፣ 12.1 ሚሊዮንና 109፣ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፉ ነው።

«ዕቃውን በዕቃነቱ ተዉት፣ ውበቱን እንይበት» የሚሉ አሉ። ሰዎቹን አልንቃቸውም። ቀኑን ሙሉ ዜና ሲያደክመው የዋለ ሰው ሙዚየም ገብቶ አንድ ቆንጆ ነገር በሰላም ማየት ቢፈልግ ነውር የለበትም። ሆኖም ማሳቹሴትስ የሚገኘው የዉስተር ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2018 ያደረገውን ይዩልኝ። በጥንታውያኑ የአሜሪካ ባለጸጎች ሥዕሎች አጠገብ፣ የተሣሉት ሰዎች ሀብት ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚናገር ጽሑፍ ለጠፈ። ሥዕሎቹ አልወረዱም። የሐር ቀሚሱ አልደበዘዘም። ለዚህ ሥራ ወረቀትና እውነት በቅተዋል፤ የትርኢት በጀት አላስፈለገም።

አሁን ወደ ቦስተን ልሂድ፤ ምክንያቱም እዚያ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዕቃዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቦስተኑ አንጥረኛ ፖል ሪቪር በ1768 የሠራው የብር ጎድጓዳ ሳሕን ነው። ለእንግሊዝ ንጉሥ ሹማምንት አንንበረከክም ያሉትን 92 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አባላት ለማክበር የነጻነት ልጆች ነን የሚሉ ዐሥራ አምስት ሰዎች ያሠሩት ነው፤ የዐሥራ አምስቱም ስም በከንፈሩ ዙሪያ ተቀርጿል። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1949 የገዛው ተማሪዎች ሳይቀሩ ባዋጡት ገንዘብ ነው። አሜሪካውያን እንደ ታቦት ቢያዩት አይደንቀኝም። ነጻነት የሚለው ቃል በሳሕኑ ላይ ሲቀረጽ ግን ባርነት በዚያችው ከተማ ሕጋዊ ነበር።

ሁለተኛው ጋን ነው። ጋን ስል የጠላ ጋን የምታውቁትን አስቡ፤ ሆደ ሰፊ፣ በትከሻው ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ አመድና አሸዋ ከሸክላ ጋር ተለውሶ በተቀባበት ሙጫ መሰል ቅብ የሚያብለጨልጭ። የሠራው ዴቪድ ድሬክ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ኤጅፊልድ በሚባል ወረዳ በባርነት የኖረ ሸክላ ሠሪ ነው። አንዳንድ ጋኖቹ 150 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ የእርሻው ጨው የተነሰነሰበት ሥጋና ስብ ይቀመጥባቸው ነበር። ድሬክ ጭቃው ሳይደርቅ በሹል እንጨት ይጽፋል። ቀኑን ይጽፋል፣ «ዴቭ» ብሎ ስሙን ይጽፋል፣ አንዳንዴም ሁለት ስንኝ ይገጥማል። በ1834 አንዱ ላይ፣ ይህ ጋን በእርግጥ ዐሥራ አራት ይይዛል ብሎ የልኩን መጠን በግጥም ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ደቡብ ካሮላይና ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ከወጣ በኋላም መጻፉን አልተወም፤ ጽሑፉ ደግሞ አንዴ ከተተኮሰ አይጠፋም።

የድሬክን ጋኖች በ2022 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና የቦስተኑ ሙዚየም «አሁን ስሙኝ» በሚል ትርኢት አሰባስበው ነበር። ዘመነኞች ከተጋበዙ አይቀር እንደዚህ ይጋበዙ። ሲሞን ሊ እና ቲያስተር ጌትስን የመሰሉ ጥቁር የጥበብ ሰዎች ሥራቸውን ከኤጅፊልድ ሸክላዎች ጋር አኖሩ። አዴቡንሚ ግባደቦ አያቶቿ በባርነት ከኖሩበት የደቡብ ካሮላይና እርሻ አፈር አምጥታ ማድጋ ሠራችበት። የአያት አፈር ምን እንደሆነ ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም። በዚህ ትርኢት መሀል ቤት የተቀመጠው አሮጌው ሸክላ ሠሪ ራሱ ነበር፤ አዲሶቹ ከበውታል።

እዚህ ላይ ወደ ፈረንጅ ብቻ ጣት መቀሰር ደስ አላለኝም። ስለ መቅደላ ዝርፊያ ብዙ ጽፈናል፤ ልክም ነን። ነገር ግን ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን «ቡዳ» እያልን፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያልን በገበያ ዳር ያስቀመጥን፣ በሠሩት ጀበና ግን ሦስት ጊዜ ቡና የጠጣን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ያለ ነገር አይደለም። በሀገራችን ሙዚየም ውስጥ የሠሪዋ ስም የተጻፈበት ጀበና እስከዛሬ አላየሁም። የንጉሡ ስም በዘውዱ ሥር ይጻፋል፤ ያ ዘውድ እንዲያምር ቀንና ሌሊት ወናፍ የነፋው ሰው ግን «የኢትዮጵያ አንጥረኛ» እንኳ አይባልም።

ወደ ጋኑ ልመለስ። ቦስተን ካሉት የድሬክ ሥራዎች በአንዱ ላይ የነሐሴ ወር 1857 ቀንና የጌታው የሉዊስ ማይልስ ስም ምሕጻር ተጽፏል። ግጥሙም እንዲህ የሚል ነው፦ ይህን ጋን የሠራሁት ለገንዘብ ነው፣ ቆሻሻ ትርፍ ነው ቢሉትም። ሰውየው እየቀለደ ይሁን እያለቀሰ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔ ቅኔ እንደለመደ ሰው ሁለቱንም ነው እላለሁ። በዚያ ነሐሴ ጋኑም ሠሪውም የማይልስ ንብረት ነበሩ፤ ከጋኑ የሚገኘው ገንዘብ የማን ኪስ እንደሚገባ የታወቀ ነው።

በ2025 መጨረሻ ገደማ የቦስተኑ ሙዚየም የድሬክን ሁለት ጋኖች ባለቤትነት ለዘሮቹ መለሰ። የሸክላ ሠሪው ፈቃድ ሳይጠየቅና ሳይከፈለው የተወሰደ ሥራ ነው የሚለውን ተቀበለ ማለት ነው። አንዱን ጋን ቤተሰቡ ለሙዚየሙ በውሰት ተወለት። ግጥም ያለበትን፣ «ለገንዘብ ነው» የሚለውን፣ ሙዚየሙ ከወራሾቹ መልሶ ገዛው። ስንት እንደከፈለ አልተገለጸም። ብቻ ከፈለ፤ በ168 ዓመት ዘግይቶ፣ በጥሬ ገንዘብ።