ቤኪንግ ፓውደሩ ይግባ ወይስ ይቅር?

ክርክሩ የተነሳው በአንዲት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ሰዓቱ ቶናው ሲቀዳ። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ኬክ ቤት የሚሠራ ወጣት ጋጋሪ ነው፤ አንዷ ለልደትና ለክርስትና በትእዛዝ እቤቷ የምትጋግር ሴት ናት፤ ሦስተኛዋ የቤቱ ባለቤት፣ በድፎ ዳቦ ሙያቸው ሰፈሩ የሚያውቃቸው እናት ናቸው። የተከራከሩበት ነገር ብራውኒ ነው፤ በቅቤና በኮኮዋ የሚጋገር፣ መሃሉ እርጥብ የሆነ ጣፋጭ።

ጋጋሪው ጀመረ። «ያለ ቤኪንግ ፓውደር ብራውኒ አይሸጥም። ሰው ኬክ ብሎ ነው የሚገዛው። መሃሉ እርጥብ ከሆነ ‹ሊጡ አልበሰለም› ብሎ ይመልሰዋል። እኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሬ፣ ዱቄቱንም 150 ግራም አድርጌ፣ ነፋ ያለ አወጣለሁ።»

«እሱማ የቸኮሌት ኬክ ነው» አለችው ሴትዮዋ። «ብራውኒ ላይ ቅቤውም ስኳሩም ከዱቄቱ ይበልጣሉ። ዱቄቱ የሚገባው እንቁላሉንና ቅቤውን ለመያዝ ያህል ነው። እጥፍ ስታደርገው ይከብድሃል፤ ሲከብድህ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ትጨምራለህ። ራስህ ያመጣኸውን በሽታ ራስህ ታክማለህ።»

«ልክሽን ንገሪኝ እስኪ» አላት።

ሳትደብቅ ዘረዘረችለት። ጎኑ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መጋገሪያ፣ ክብ ትሪ ከሆነም 22 ወይም 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው፣ ቅቤ 140 ግራም፣ ስኳር 225 ግራም፣ ኮኮዋ 75 ግራም፣ ፉርኖ ዱቄት 80 ግራም፣ ትልልቅ እንቁላል ሁለት፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ቫኒላ። ሚዛን የሌለው ሰው በሾርባ ማንኪያ አፉን እየደለደለ ቢሰፍር ስኳሩ 18፣ ዱቄቱ 10፣ ኮኮዋው 14 ማንኪያ ያህል ይመጣል። እንቁላሉ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ሦስት ይሁን፤ አንዱ ቢመዘን 40 ግራም ገደማ ነውና።

አሠራሩን ስትናገር ግን ፈጠን ማለቷን ትታ ረጋ አለች። ቅቤው ሳይፈላ ይቀልጥና ትኩሱን በስኳሩ፣ በኮኮዋውና በጨው ላይ ይፈስሳል። የኮኮዋው መዓዛ የሚወጣው ትኩስ ስብ ሲነካው ነው፤ በቀዝቃዛ ቅቤ የተለወሰ ኮኮዋ አፍ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከዚያ ሊጡ ለብ እስኪል ይጠበቃል፣ አለዚያ እንቁላሉ ሳህን ውስጥ ይበስላል። እንቁላሉ አንድ በአንድ እየገባ በደንብ ይመታል፤ ደብዛዛ የነበረው ሊጥ ማብረቅረቅ ሲጀምር ይበቃዋል። «የእኛ አገር ስኳር ፍሬው ሻካራ ነው» አለች። «በብሌንደር ወይም በሙቀጫ ደቀቅ ካላደረግኸው አይሟሟም። ስኳሩ እንቁላሉ ውስጥ ካልሟሟ ያቺ ከላይ የምትሰነጠቀዋ ስስ፣ የምታበራ ቆዳ አትወጣም።» ዱቄቱ መጨረሻ ላይ ተነፍቶ ይገባል፤ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ በማማሰያ ይዞራል። ከዚያ በላይ ከታሸ ጅማት ያወጣል፤ ብራውኒው ይለጠጣል። ኦቨኑ ቀድሞ 170 ዲግሪ ይሙቅ፤ ከ20ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይታይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጋጋሪው አልተረታም። የውጭ መጽሐፍ ውስጥ ግማሽ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚሉ አሉ፤ ታዲያ እነሱ ተሳስተው ነው ወይ አላት።

«አልተሳሳቱም፤ እነሱ የሚጋግሩት ባሕር ዳርቻ ነው። ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በሲሶ ያህል ይበልጥ ይሰፋል። ሊጡ ገና ሳይጠና ይነፋል፤ የሚይዘው ስለሌለ መልሶ ይወድቃል። ያንተስ መሃሉ አይሰምጥም?»

መስመጡን አልካደም። እሱን ለማቃናት ብሎ ነበር ከግማሽ ወደ አንድ ማንኪያ የወጣው። «እየጨመርህ እኮ ነው የምታሰምጠው» አለችው። ስኳሩን ከተለመደው 250 ግራም ወደ 225 ያወረደችውም በከፍታው ምክንያት ነው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ባሕር ዳር ከተማ ደግሞ በ94 ገደማ፤ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን ሊጡ ውስጥ የሚቀረው ስኳር ይበዛል፣ ስኳር ሲበዛም ሊጡ ለመርጋት ይዘገያል።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ቡናቸውን ሲቀዱ የቆዩት እናት በቅቤው ገቡ። «ቅቤ ቅቤ ትላላችሁ፤ የምን ቅቤ ነው?»

ጋጋሪው ማርጋሪን እንደሚጠቀም ነገራቸው። «ምን ላድርግ እትየ፣ የገበታ ቅቤ ዋጋው አይቀመስም።»

«ጎጃም ተቀምጠህ ማርጋሪን! ገበያው ለጋ ቅቤ ሞልቶት? ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ከቅቤና ከኮኮዋ ሌላ ጣዕም የለውም፤ ቅቤውን አውጥተህ ምን ልታበላ ነው?»

«የገጠር ቅቤ ልኩ አይታወቅም እትየ። አንዱ ውሃ ያዘለ ነው፤ አንዱ የሰነበተ ነው፤ አንዱ አሬራው አልወጣለትም። ዛሬ በሠራሁበት ልክ ነገ ብሠራ ሌላ ነገር ይወጣል።»

«እጠበዋ! በቀዝቃዛ ውሃ እያሸህ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እጠበው። ከዚያ ቀስ ባለ እሳት አንጥረው።»

ሴትዮዋ እዚህ ላይ ከጋጋሪው ጋር ሆነች። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 እጁ ስብ ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ውሃ ነው። የነጠረ ቅቤ ውሃ የለውም። በ140 ግራም ፋንታ 140 ግራም ንጥር ከገባ ስቡ ይበዛና መጋገሪያው ዳር ዳር ላይ ዘይት ያንቆረቁራል። ንጥሩ 115 ግራም ይሁን፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይታከልበት አለች። ቅመም የገባበት የወጥ ቅቤ ግን በሁለቱም ዘንድ ተወገዘ፦ ኮሰረቱና በሶብላው ከቸኮሌት ጋር አይስማማም። እናትየዋ ይህን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ኮረሪማን አሳልፈው አልሰጡም። «ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ወቅጣችሁ ሞክሩትና ከዚያ አውሩ።»

ኮኮዋው ላይ አለመግባባት አልነበረም፤ ሦስቱም ተመሳሳይ ጥፋት ያውቃሉ። ወተት ውስጥ የሚበጠበጠው ጣፋጭ የቸኮሌት ዱቄት አብዛኛው ስኳር ነው። በኮኮዋ ፋንታ እሱን ያስገባ ሰው ብራውኒው ይገረጣበታል፣ ይጣበቅበታል፣ ዳሩም እንደ ከረሜላ ይጠነክርበታል። ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈው ይነበብ፤ ከኮኮዋ ሌላ ስኳር የሚል ካለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ኦቨን የሌለውስ?» አሉ እናትየዋ። «አገሩ ሁሉ ኦቨን አለው እንዴ?»

ጋጋሪው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትሪ አስቀምጦ መክደን ይቻላል አለ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከታች ብቻ የሚመታ እሳት ታችኛውን ያሳርራል፤ ላዩ ደግሞ እንደ ገንፎ ይቀራል። ድፎ ስንደፋ እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች ነው። ይሄም ያው ነው።» አሠራራቸውን እንዲህ ብለው አስረዱ፦ ወፍራም ትልቅ ድስት ይገኝ፤ ታቹ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን አሸዋ ወይም ጨው ይነስነስ፤ በላዩ የቆርቆሮ ክብ ወይም ሦስት ጠጠር ይቀመጥና ትሪው እሱ ላይ ይረፍ፣ አሸዋውን አይንካ። ድስቱ ተከድኖ ሩብ ሰዓት ይሙቅ። ትሪው ሲገባ ክዳኑ ላይ የጋመ ከሰል ይደረግ፤ የላዩ ከታቹ በዛ ይበል። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል።

ሴትዮዋ ከሰሉ ለላዩ ቆዳ ብቻ መስሏት ነበር። «ለእሱ ብቻ አይደለም እቴ» አሏት። «ክዳኑ ከቀዘቀዘ እንፋሎቱ ያልበዋል፤ ላቡ ተመልሶ ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል። የጋለ ክዳን አያልበውም።»

ጋጋሪው በመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ነገሩ ተመለሰ። «ሁሉም ይሁን፤ ደንበኛዬ ግን ‹ጥሬ ነው› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«መቼ ነው የምትቆርጠው?» አለችው።

«ከኦቨን እንደወጣ ነዋ። ትኩስ ትኩሱን ነው የሚፈልጉት።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ በረካው መጣ፤ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ሳይስማሙ ተለያዩ።

እኔ በቤኪንግ ፓውደሩ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ፤ ከፍታውን በተመለከተ ያለችውም ትክክል ነው። ነገር ግን ክርክሩን የሚፈታው ከፍታው አይመስለኝም፣ መጨረሻ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ጋጋሪው ዱቄት የሚጨምረውም፣ ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምረውም፣ ስቴኪኒው ደርቆ እስኪወጣ ኦቨን ውስጥ የሚያቆየውም ትኩሱን ስለሚቆርጥ ነው። ብራውኒ ትኩስ እያለ ቅቤውም በኮኮዋው ውስጥ ያለው ስብም ፈሳሽ ነው። ቢላዋው ያንን ፈሳሽ ይዞ ይወጣል፤ የቆረጠው ሰው ጥሬ ሊጥ ያየ ይመስለዋል። ጥሬ አይደለም፤ እርጥብ ፍርፋሪ ስቴኪኒው ላይ በሚጣበቅበት ሰዓት የመሃሉ ሙቀት ከ80 ዲግሪ አልፏል፣ እንቁላሉም በስሏል። ያው ብራውኒ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲቆረጥ ስቡ ረግቶ፣ ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ማርቆስ ላይ የቤቱ ቅዝቃዜ ይበቃል፤ ባሕር ዳር ከተማ ግን ቅቤው በቤቱ ሙቀት በደንብ አይረጋም፣ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ምልክቱ ይህ ይሁን፦ ስቴኪኒው መሃል ላይ ተወግቶ ሲወጣ የሚፈስ ሊጥ ከያዘ ሦስት ደቂቃ ይጨመር፤ ሁለት ሦስት እርጥብ ፍርፋሪ ከያዘ ወዲያው ይውጣ፤ ደርቆ ከወጣ አልፎበታል። ትሪው ራሱ ሙቀት ስለሚይዝ ከወጣም በኋላ ዳሩ መብሰሉን አያቆምም።

ቤኪንግ ፓውደሩን የምቃወምበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ከሦስቱ ማንም አላነሳውም። እዚህ መብራት ይጠፋል። በቤኪንግ ፓውደር የተነፋ ኬክ እኩሌታው ላይ መብራት ሲሄድበት ይወርድና መብራቱ ቢመለስም አይነሳም። ያልተነፋ ብራውኒ የሚወርድ ነገር የለውም። የኦቨኑ በር ሳይከፈት ይቆይ፤ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም፤ መብራቱ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከመጣ ስቴኪኒው እየታየ ይቀጥላል።

በቅቤው ከእናትየዋ ጋር ነኝ፣ በልኩ ግን ከጋጋሪው ጋር። የለጋ ቅቤ የውሃ መጠን ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በለጋነቱ መመዘን አያስተማምንም። ያለ ቅመም አንጥሮ፣ አጥልሎ፣ 115 ግራሙን መዝኖ፣ ውሃውን በራስ እጅ መጨመር ነው መፍትሔው። እንዲያውም ንጥሩ ከእሳት ሳይወርድ ታች የሚቀረው ዝቃጭ ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን ቢቆይ መዓዛው ከኮኮዋው ጋር እጅግ ይስማማል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ይመራል። ኮረሪማውም ይግባ፣ ከሩብ ማንኪያ ግን አይለፍ።

ዱቄቱን በጤፍ መለወጥ የሚፈልግ ሰው አይፍራ፤ ምሥራቅ ጎጃም ለጤፍ ሩቅ አይደለም። ቀይ ጤፍ በደንብ ደቅቆና በጠባብ ወንፊት ተነፍቶ 80 ግራሙ በ80 ግራም ይተካል። የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ሊጡ ትሪ ላይ ፈስሶ ሩብ ሰዓት ይረፍ፣ ሲበስልም ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይነካ፣ ይፈረፈራልና። ለጾም ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ዐሥር ደቂቃ ከቆየ የሁለት እንቁላል ቦታ ይይዛል፤ በቅቤው ፋንታ 120 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት ይገባል። የኑግ ዘይት ሽታው ኮኮዋውን ስለሚውጠው አልመክርም። ያቺ ከላይ የምታበራ ቆዳ በተልባ አትመጣም፤ ጣዕሙ ግን አይጎድልም።

ጋጋሪው ደንበኞቹ ትኩስ እንደሚፈልጉ የተናገረው እውነት ነው፤ ችላ መባል የለበትም። ማታ ይጋገር፤ ሳይቆረጥ ተሸፍኖ ይደር። ጠዋት በሙቅ ውሃ ተነክሮ በተወለወለ ቢላዋ ይቆረጥ፤ ቢላዋው በየቁርጡ ይጠረግ። ደንበኛው ሲያዝ ያቺው ቁራጭ ብቻ ለሦስት ደቂቃ ኦቨን ትግባ።