ግሸን የምትወጡ ሆይ፣ እናታችሁን ለማን ትታችሁ ነው?

ወገኖቼ የወሎ ምእመናን፣

ነሐሴ ሲጋመስ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ በየቤተ ክርስቲያኑ በር የግሸን ጉዞ ማስታወቂያ መለጠፍ ይጀምራል። ደርሶ መልስ ይህን ያህል ብር፣ ቁርስና ምሳን ጨምሮ፣ በመኪና ውስጥ መዝሙርና ትምህርት አለ፣ ቶሎ ይመዝገቡ። ከዚያ ነጠላው ይታጠባል፣ በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይዘጋጃል። መስከረም 21 ቀን ያን ገደል ወጥቶ ግማደ መስቀሉ ባለበት አምባ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ጉዞ የሚነቅፍ ሰው መጣ ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትደፍኑብኝ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ስትወጡ ቤት ውስጥ ማንን ትታችሁ ነው?

ደሴ ውስጥ፣ ሰፈሩን አልጠራም፣ በአንድ የግሸን ሰሞን የሆነውን ስሙ። ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስቱም የአንድ ጉዞ ማኅበር አባላት፣ ሦስቱም ተመዝግበው ሄዱ። እናታቸው ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም። ከራስጌያቸው ሻይ በፔርሙስ፣ እንጀራ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከአልጋው ሥር ፖፖ ተቀመጠላቸው፤ ቁልፉ ለጎረቤት ተሰጠ። ጎረቤቲቱ ሙስሊም ናቸው። ሌሊት እየተነሱ ያገላበጧቸው፣ ገላቸውን ያጠቡላቸው፣ አጥሚት ያጎረሷቸው፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ይመጣሉ» እያሉ ያጽናኗቸው እኚህ ሴት ናቸው። ልጆቹ ጠበልና እምነት ይዘው ሲመለሱ አሮጊቷ መረቋቸው። እናት መቼም ከመመረቅ ሌላ ምን ታውቃለች! እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ በዚያ ሰሞን «ታምሜ ጠየቃችሁኝ» የሚለውን ቃል የፈጸመው ማን ነው? ነጭ ለብሰው የተሳፈሩት ናቸው ወይስ ቁልፉን የተቀበሉት ሴትዮ?

ግሸን የምንወጣው ለመስቀሉ ነው። ጌታ በዚያ መስቀል ላይ ተቸንክሮ ሳለ ምን አደረገ? እናቱን አየ፣ የሚወደውንም ደቀ መዝሙር አየ፣ «እነኋት እናትህ» አለው፤ ዮሐንስም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ዓለምን በሚያድንበት ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ጣር መካከል፣ እናቱ የምታድርበትን ቤት ያሰበ አምላክ ነው የምናመልከው። እኛ የዚያን መስቀል ግማድ ልንሳለም በእናታችን ላይ በር ቆልፈን እንሄዳለን። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ደግሞ አምባው ራሱ ታሪክ አለው። ይህ የአምባሰል ተራራ በጥንት ዘመን የነገሥታት ወንድሞችና ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት በዚያ ተግዘው እንደኖሩ ይነገራል፤ ግማደ መስቀሉን በዚያ በክብር ያሳረፉትም እሳቸው ናቸው። የሥጋ ዘመድ የሚታሰርበት አምባ የመስቀል ማደሪያ ሆነ። ታዲያ እኛ ምን ነካን? ተራራውን ተሳልመን ስንወርድ ግዞቱን ይዘን ወደየቤታችን የገባን ነው የምንመስለው።

አውቃለሁ፣ መልስ አላችሁ። «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ ለእኔ ሊሆን አይገባውም» ተብሏል ትላላችሁ። በእርግጥ ተብሏል። በዚህ ቃል የሄዱትን ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ እናገኛቸዋለን። አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመድ ወገናቸውን ትተው ደብረ ዳሞ ላይ መነኮሱ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ መጥተው ገዳሙን አቀኑ፣ ከሸዋ የመጡትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰለ ደቀ መዝሙር አስተማሩ። እነሱ እናትና አባትን ሲተዉ ርስቱንም፣ ጉልቱንም፣ ትዳሩንም አብረው ትተዋል። አንተ ግን ወንድሜ፣ እናትህን የተውካት ለሦስት ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን ተመልሰህ «ምሳ አለ ወይ?» ትላታለህ። የቤቱ ካርታ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉም ቀድመህ ቀበሌ የምትገኘው አንተ ነህ። በመነኮሳቱ ጥቅስ በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን መመንኮስ አይቻልም።

ፈሪሳውያንም እንዲህ ያለች ብልሃት ነበረቻቸው። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር መባ አድርጌዋለሁ» ብለው ከእጃቸው ያስቀሩት ነበር፤ ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ የገሠጻቸው በዚህ ነው። የጾሙ እንዳይመስላችሁ፣ የጸሎቱ እንዳይመስላችሁ። የወላጅ ጡረታ ነው ጉዳዩ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ አገልጋዮቹ ልምጣ። ዘማሪው፣ ሰባኪው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራር፣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት ለእናንተ የተተረተ ነው የሚመስለው። መድረክ ላይ ድምፃችሁ እንደ ማር ነው፤ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ ቴሌቪዥኑን ዘግተው ወደ ጓዳ ይበተናሉ። የአንዱን አገልጋይ ባለቤት «ጋሼ ሰላም ነው?» ብላቸው፣ «ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ ትናንት በቴሌግራም ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰኞ ስብሰባ፣ ማክሰኞ የመዝሙር ጥናት፣ ረቡዕ ጉባኤ፣ ቅዳሜ ማኅበር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ግምገማ። የልጁን የክፍል መምህር ስም የማያውቅ አባት የአጥቢያውን ልጆች ሁሉ አስተምራለሁ ይላል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ነገሩን አላድበሰበሰውም፤ የራሱን ቤት ማስተዳደር ያላወቀ ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ብሎ ጠየቀ። ካህኑ ዔሊም ነበረ። በሴሎ መቅደስ እያገለገለ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ እየነጠቁ ሲያስነውሩ በጊዜ አልከለከላቸውም፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም አጣ፣ ታቦቲቱም ተማረከች። የቤቱ ጥፋት ከቤቱ ወጥቶ ለሕዝብ ተረፈ።

በአንጻሩ የጌታን ጉዞ ተመልከቱ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከእመቤታችንና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ወጣ። በመቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሲጠይቅና ሲመልስ የሰሙት ሁሉ ተደነቁ። ከዚያስ? ሉቃስ የጻፈው አጭር ነው፦ አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፣ ይታዘዝላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ጥምቀቱ ድረስ ስላሉት ዓመታት ወንጌል ሌላ የሚነግረን እምብዛም ነው። መቅደሱን ያስደነቀው ልጅ ቤቱ ገብቶ ታዘዘ። ከእኛ ዘንድ ከአንድ ጉባኤ ላይ ጭብጨባ ያገኘ ልጅ እናቱ ውሃ ቅዳልኝ ብትለው «አገልግሎት አለብኝ» ይላል።

ላሊበላ ላይ ለገና የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ለቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ የመጣውን እንግዳ የአገሬው ሰው ዝቅ ብሎ እግሩን ያጥበዋል። ከዚያም በቤተ ማርያም ካህናቱ ላይና ታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ምድር ሰማይ ይሆናል። ይህን ትውፊት እግዚአብሔር ይጠብቅልን። ነገር ግን ከደሴና ከወልዲያ ሄዳችሁ እግር ስታጥቡ በስልክ የምታስቀርጹ ወጣቶች፣ የአባታችሁን የእግር ጥፍር መጨረሻ የቆረጣችሁለት መቼ ነው? ሽማግሌ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ጥፍሩ ይጠመዘዝና ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ጫማ አያስገባውም፣ በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ይቀራል። «አባባ ሰነፉ፣ ቅዳሴ ተዉ» ትላላችሁ። ሳፋና ሙቅ ውሃ፣ መቀስና ቫዝሊን፤ ካሜራ አያስፈልገውም።

ሌላም ጉዞ አለ፣ ማስታወቂያ የማይለጠፍለት። ከመርሳ፣ ከኡርጌሳ፣ ከቆቦ ልጆቻችን በጅቡቲ ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ዓረብ ሀገር ይገባሉ። ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ወር ጠብቃ ትልካለች። በእሷ ብር ቆርቆሮው ተመታ፣ የአያት ተዝካር ወጣ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ማሠሪያ ስእለት ገባ፤ ስም ሲጠራ የተጠራው የአባትዬው ነው። እሷ ስትደውል የሚጠየቀው «መቼ ትልኪያለሽ?» ነው። ቅዳሴ ካየች ምን ያህል ጊዜዋ እንደሆነ፣ አሠሪዎቿ እንዴት እንደያዟት፣ ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ውዳሴ ማርያም በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች እንደምትተኛ የሚጠይቃት የለም። ወላጆች ሆይ፣ የልጅ ላብ መባ ሲሆን መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቁ። ያለዚያ የራሳችሁ ያልሆነውን ነው ለእግዚአብሔር የሰጣችሁት። የንስሐ አባቶችም ይህን ስእለት ስትቀበሉ «ከየት የመጣ ነው?» በሉ፤ ነውር የለውም።

ስለ ሙስሊም ዘመዶቻችንም ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ወሎ ነን። የእኛ አገር ሰው ስሙ ገብረ መስቀል፣ የአባቱ ስም መሐመድ ሆኖ ሲገኝ ሌላው ይገረማል፤ እኛ አንገረምም። አባቶቻችን ሥጋውን ለየብቻ አርደው፣ ድንኳኑን አንድ አድርገው፣ በአንድ ቅሬ፣ በአንድ ዕድር ማለት ነው፣ ተቀባብረው ኖረዋል። ዛሬ ሁለት ጉባኤ ላይ የተገኘ ጎረምሳ የእናቱን አጎት ለዒድ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ሃይማኖት መካድ ይመስለዋል። ሃይማኖትህን አጥብቀህ ያዝ፣ ማንም ልቀቅ አላለህም። ዘመድህን ግን በሃይማኖት ስም አትሽሽ። በ2013 ክረምት ማብቂያ ከራያና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ፣ በ2014 ጥቅምት ደግሞ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሁላችንም ስንሰደድ፣ በር የከፈተልን ሰው ክርስትና ስማችሁ ማን ነው ብሎ አልጠየቀንም።

በጉዞው መንገድ ላይ ለምትኖሩ ነጋዴዎችና ሾፌሮች አንዲት ነገር ብቻ፦ በበዓል ሰሞን ታሪፉን እጥፍ አድርጋችሁ፣ የመኝታውን ዋጋ ሰማይ ሰቅላችሁ፣ በማግሥቱ ደግሞ ሻማ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ምእመኑን ገፋችሁ ለማርያም ሻማ አይበራም።

የጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች ሆይ፣ ዘንድሮ ምዝገባ ስትጀምሩ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የሚጦር ሰው አለ ወይ? ማን ይቆይለታል?» የሚል መስመር ጨምሩ። ወንድማማቾች ከሆኑ ተራ ይያዙ፤ ዘንድሮ አንዱ ይቅር፣ ከርሞ ሌላው። የሚቀረውም ከሄዱት ይልቅ በረከት ጎደለብኝ እንዳይል ጠበሉንና እምነቱን አስቀድማችሁ ለእሱ አምጡለት። መኪና ላይ መቀመጥ ለሚችሉ አረጋውያን ከፊት ያሉትን ወንበሮች በግማሽ ዋጋ ያዙ፣ መኪናው እስከሚደርስበት ይምጡ፣ ከዚያ ወዲያ ጎረምሶቹ ይሸከሟቸው፤ ጉልበቱ እንደሆነ ሞልቷችኋል። ቅጹ የሚታተመው በሐምሌ ነው፣ ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው።