ሳህን በነፍስ ወከፍ

ማንም ሰው "ሮም እንዴት ነበር?" ብሎ እንዳይጠይቀኝ። ገና ሻንጣ አልፈታሁም፣ እግሬ አብጧል፣ ደሜ እንደፈላ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ልብ የደረደራችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ፎቶ ላይ የምንስቀው ፎቶ ስለሆነ ነው።

በነሐሴ ሮም እንሂድ ያለው የልጆቼ አባት ነው። ትኬት ረከሰ ብሎ። ለምን እንደረከሰ አልጠየቀም። ነሐሴ ማለት እኮ እሳት ነው፣ ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነው፣ እማዬን ደግሞ ይዘናል። እማዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትጾም ውላ አታውቅም። እንኳን ሮም፣ ጨረቃ ላይ ብትወጣም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አትቀምስም።

የሮም ምግብ ቤት ደግሞ፣ ደህናው ማለቴ ነው፣ የአገሬው ሰው የሚበላበት፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤቱን ዘግቶ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ይተኛል። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል ከተማው አፉን ይዘጋል። በዚያ ላይ ቀኑ ነሐሴ 9 ነው። በነሱ ኦገስት 15፣ ፌራጎስቶ። ሮማውያን ራሳቸው ከተማውን ለቱሪስት ጥለው ባህር የሚወርዱበት ቀን። የቫቲካን ሙዚየም ዝግ። ትልቋ ልጄ ስንት ቀን ሙሉ ስልኳ ላይ እየመረጠች ያስቀመጠቻቸው ቤቶች ሁሉ በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ጠፍተዋል። የማርያም ዕርገት በዓል ነው አሉን። እማዬ ይህን ስትሰማ ቆም አለችና "እኛ ገና እየጾምንላት እነሱ ፈስከው ጨረሱ ማለት ነው?" አለች። ማን ይመልስላት።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆነው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በር ላይ ሜኑ የያዘ ሰው የሚያቆም ቤት። ከፓንቴዮን፣ ከጥንቱ የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ። "ፕሬጎ፣ ፕሬጎ፣ ፋሚሊያ!" ብሎ ጠራን፣ እማዬም በርሃብና በፀሐይ ዞሮባታል፣ ገባን።

አስተናጋጁ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛ። ጎናችን ፊታቸው በፀሐይ የቀላ አሜሪካውያን ተቀምጠዋል። ለነሱ ፈገግታ፣ ለነሱ "ከየት ነው የመጣችሁት"፣ ለነሱ ወይን አስቀምሶ ቆሞ መጠበቅ። ወደኛ ዞረ። ሜኑውን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። አለቀቀውም። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ይዘን "ማዳም፣ ዋጋውን አይታችሁታል አይደል?" አለኝ። በእንግሊዝኛ። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ ቃል እየቆጠረ፣ ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት የሚያናግር ይመስል።

እኔ ገና ቃል ሳልተነፍስ ባለቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የስ የስ፣ ቴንኪዩ።"

ቴንኪዩ! ይህ ሰው በጥር የፍራንክፈርቱ ቤታችን አከራይ የማሞቂያ ክፍያ ጨምሮ ወረቀት ሲልክበት ስልክ ደውሎ "ዳንከ ሼን" (አመሰግናለሁ፣ በጀርመንኛ) ያለ ሰው ነው። አምና አውሮፕላን መሳፈሪያው ላይ የልጅ ቦርሳ ለክተው 60 ዩሮ ሲያስከፍሉን "ኖ ፕሮብሌም" ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ቤታችን ሌባ ገብቶ ቡና ላፍላልህ ወይ ብሎ ባይጠይቀው ምን አለ በሉኝ።

እማዬ ደግሞ "ምን አለ ልጁ?" አለችኝ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚለው እማዬ።"

"ይባርክህ በሉት! ምን ያለ የጨዋ ልጅ ነው!" ብላ ቀና ብላ አየችው፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ምግብ አዘዝን። ለእማዬ ማሪናራ ፒዛ። (ጾመኛ ሆናችሁ ጣሊያን የምትሄዱ ይህችን ያዙልኝ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት፣ ቺዝ የላትም፣ ከጥንት ጀምሮ ሜኑ ላይ ያለች ናት።) ለእኔ ስፓጌቲ በቲማቲም። ባለቤቴ ካርቦናራ ሊል ሲል የአሳማ ጉንጭ መሆኑን ነግሬው ካቾ ኤ ፔፔ አለ፣ ፓስታ በቺዝና በቁንዶ በርበሬ። ልጆቹ ከኛ ይቀምሳሉ። ሲበላ የኖረው እንዲህ አይደል? ከአንድ ትሪ አይደል ያደግነው?

"ሦስት?" አለ። እስክሪብቶውን አነሳ። "አምስት ሰው ናችሁ።"

"እንካፈላለን" አልኩት።

"ኖ ማዳም። አንድ ሰው፣ አንድ ሳህን። ይሄ ሬስቶራንት ነው፣ ካፍቴሪያ አይደለም።"

ጮክ ብሎ። አሜሪካውያኑ ዞሩ። አንዷ እንዲያውም ሹካዋን አስቀምጣ ነው የዞረችው። ትልቋ ልጄ አንገቷን ስልኳ ውስጥ ቀብራ "ማማ፣ ቢተ (እባክሽ)፣ ዝም ብለሽ እዘዢ" አለችኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አፍ "ቢተ" ምን ያህል እንደሚያሳፍር የወለደ ያውቃል። ትንሹ ልጅ እኮ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፣ አንድ ሙሉ ሳህን ፓስታ በሕይወቱ ጨርሶ አያውቅም!

እና እኔ፣ ፍራንክፈርት ላይ በር የሚዘጋብኝን ሁሉ በጀርመንኛ የማራግፈው ሴትዮ፣ ምን አልኩት? ምንም። ሁለት ምግብ ጨምሬ አዘዝኩ። ይሉኝታ ይገድላል። ይሉኝታ ከነሐሴ ፀሐይ በላይ ይገድላል።

ምግቡ መጣ። ፒዛዋ እንኳን እውነት ለመናገር ግሩም ነበረች፣ ይህን መካድ አልችልም፣ ጠርዟ ቀጭንና ኮሽ የሚል፣ ዘይቱ የሚሸት። ይህም አናደደኝ። መጥፎ ቢሆን ተሳድቤ እወጣ ነበር። እማዬ ቁራሿን አጥፋ ለልጁ አጎረሰችው። ከዚያ ለእኔ። ከዚያ ለባለቤቴ። አስተናጋጁ ከሩቅ አየና የትንሹን ልጅ ያልተነካ ሳህን በጣቱ ወደ ልጁ ገፋ አድርጎለት ሄደ። ሳህኑ ሲንሸራተት የሰጠው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሒሳብ። ያዙኝ። "ፓኔ" 5 ጊዜ 3 ዩሮ። ያላዘዝነው ዳቦ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ መጥቶ የተቀመጠ፣ እማዬ አንዷን ቁራጭ ባርካ የቆረሰችው። ጣሊያን ውስጥ ለተቀመጥክበት "ኮፐርቶ" የሚባል ያስከፍላሉ፤ ሮም ያለችበት ላዚዮ ክልል ግን በ2006 (በፈረንጅ) በሕግ ከልክሎታል። ስለዚህ ምን አደረጉ? ስሙን ዳቦ አሉት። ሁለት ጠርሙስ ውሃ 12 ዩሮ። ከበሩ ላይ ቆማችሁ ብታዩ እኮ ናዞኔ አለ፣ ያ አፍንጫው ቆልመም ያለ የመንገድ ቧንቧ፣ ቀንም ሌሊትም በነፃ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያወርድ፣ ከተማው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ነው ያለው። በሮም ነፃ የሆነው እሱ ብቻ ነው፣ ከሱም አጠገብ ተቀምጠን 12 ዩሮ ከፈልን። ከዚያ ሰርቪስ 15 በመቶ። ድምሩ 121 ከ90። ሳህን በነፍስ ወከፍ!

አላለቀም። እማዬ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከመሐረቧ ቋጠሮ 5 ዩሮ አውጥታ "ለልጁ ስጡት፣ ቆሞ ዋለ፣ ደክሞታል" አለች። እምቢ ብላት ምን እንደተባልን ልነግራት ነው። ዝም አልኩ። እሷው ሰጠችው። ወስዶ "ግራትሲዬ፣ ማማ" አላት። እሷም ደስ አላት። እኔ በዚያች ሰዓት አረርኩ፣ ደበንኩ።

መልሱ የመጣልኝ ማታ ነው፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ። የበዓል ፕሮግራም ነው ብለው ሲያቆሙን። ወንድሜ፣ ማለት ነበረብኝ፣ የእናንተ ሰዎች በ1937 (በፈረንጅ ነው) የአክሱምን ሐውልት፣ 24 ሜትር ድንጋይ፣ ጭነው ሲወስዱ ሳህን በነፍስ ወከፍ አዝዘው ነበር? ኮፐርቶ ከፍለው ነበር? በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈርመው 2005 ድረስ፣ 58 ዓመት፣ ሒሳብ ሳይዘጉ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው እኔን "ዋጋውን አይታችሁታል?" የሚሉኝ። ይኼ ሁሉ ፌርማታ ላይ ነው የመጣልኝ። ለማን ልንገረው? ለባለቤቴ ነገርኩት። "እሱ ልጅ እኮ ያኔ አልተወለደም" አለኝ።

በማግስቱ ሐውልቱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ፖርታ ካፔና ሄድን፣ እማዬ ካላየሁ አልሄድም አለች። ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ አሁን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሆኗል፣ ፋኦ። ከፊቱ መኪና ይዞራል። በቃ። ሐውልት የለም፣ ተመስገን፣ አክሱም ቆሟል። አበበ ቢቂላም በ1960 በባዶ እግሩ ከሐውልቱ አጠገብ ሲያልፍ ነው ሞሮኳዊውን ጥሎት የሄደው፤ ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ብቻውን ነው የገባው። እማዬ ዕልል አለች። ጃፓኖች ቪዲዮ ቀረጿት። የሁለቱ ቀን ደስታዬ ይኼው ነው፣ ቀጥሎ ተበላሸ።

ምክንያቱም ቀጥሎ ኮሎሲየም፣ የጥንቱ ስታዲየማቸው፣ ነበር። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ ስሙ ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። ኤዲያ። የኛን ስም ታውቃላችሁ። ባለቤቴ በአባቱ ስም፣ ልጆቹ በሱ ስም፣ እኔ በአባቴ፣ እማዬ በአባቷ። አምስት ሰው፣ አራት "የቤተሰብ ስም"። በሩ ላይ ያለችው ልጅ አምስቱን ወረቀት ዘርግታ እያገላበጠች "ቤተሰብ ናችሁ?" ትላለች። ልጄን እያየች "ይቺ ልጅሽ ናት?" ትለኛለች። ልጄ የኔን አፍንጫ ይዛ ቆማለች! በሠራተኛዋ አልፈርድም፣ ሥራዋ ነው። ግን ያ ቤት በጥንት ጊዜ 50 ሺህ ሰው ያስገባ ነበር ይባላል፣ የማን የአባት ስም ጠይቀው?

እንዲያው ሌላም ሌላም። ስፓኒሽ ስቴፕስ 135 ደረጃ ነው፣ የእማዬ ጉልበት መሐል ላይ እምቢ አለ፣ ቁጭ አለች። ፊሽካ! ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው። ደረጃ ላይ ካልተቀመጠ የት ይቀመጣል? ካፌ ቁጭ ስትል ደግሞ ቆሞ በዩሮ ከምናምን የሚጠጣው ቡና ወንበር ሲጨመርበት ሦስት እጥፍ ይሆናል። እማዬ "ቡና ቆሞ የሚጠጣው ምን ያሯሯጠው ነው?" ብላ ባሩ ላይ ተደግፋ ጠጣች።

ቫቲካን ላይ ግን ተከበርን፣ ለአምስት ደቂቃ። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ አይገባም፣ ቁምጣ ለባሹ ሁሉ ሲመለስ እማዬ በነጠላዋ ሰተት። ተርፏት ትልቋንም አለበሰቻት። ከዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለውን የሐበሾችን እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ጠየቅን። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኛ መነኮሳት ያረፉበት ቤት ነው፣ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 ማሳተም ሲጀምሩ መኖሪያቸው እዚያ ነበር። ጠባቂው በትሕትና "ያለ ፈቃድ አይቻልም" አለን። ይኼኛውስ በትሕትና ነው። ባለቤቴ "ቴንኪዩ" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው።

አሁን ደግሞ እኔ ይህን ስጽፍ እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያየ "ለሚቀጥለው ዓመት ቬኒስ ርካሽ አለ" ይለኛል። ቬኒስ! ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ከ2024 ጀምሮ በአንዳንድ ቀናት ከተማው ውስጥ ለመግባት ብቻ የሚከፍልባት ቬኒስ! እዚያማ ሳህኑ ሳይመጣ በነፍስ ወከፍ ተቆጥረን ልንገባ ነው። ስንት ነው የሚያስከፍሉት ብዬ ብጠይቀው "5 ዩሮ፣ ግን ቀደም ብለን ከመዘገብን ነው" ብሎ መለሰልኝ። ገብቶ አይቶታል! ዋጋውን አይቶታል!