ፕሮሰሰር ስትመርጡ ፍጥነቱን መጨረሻ ጠይቁ

አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ምርት ለመሥራት የተነሡ ሰዎች ፕሮሰሰር፣ ማለትም የዕቃውን ፕሮግራም የሚያሠራውን ቺፕ፣ ሲመርጡ አንድ ምክር አይጠፋም፦ «ጠንከር ያለውን ውሰዱ፣ ለምናልባቱ ይጠቅማል»። ምክሩ አስተዋይ ይመስላል። ብዙ ሜጋኸርዝ (የፍጥነት መለኪያ) እና ብዙ ኮር (ቺፑ ውስጥ ያለ የስሌት ክፍል) ማንን ጎድቶ ያውቃል? በኔ እይታ ግን ብዙ ምርት ገና ከጅምሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነት ይጠየቅ። ግን ከሁሉም በኋላ።

እስቲ አንድ ቀላል ዕቃ እንውሰድ። በየአሥር ደቂቃው የክፍል ሙቀት ለክቶ በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ። የሚሠራው ሲአር2032 በምትባለው ሳንቲም በምታክል ክብ ባትሪ ነው። ይህች ባትሪ የምትይዘው 220 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። መሣሪያው በአማካይ 10 ማይክሮአምፔር የሚወስድ ከሆነ በስሌት 22,000 ሰዓት ይቆያል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው። መቶ እጥፉን፣ 1 ሚሊአምፔር፣ ከወሰደስ? 220 ሰዓት፤ ከዘጠኝ ቀን ብዙም አያልፍም። አሁን እዚህ ላይ ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር የሆነውን ራስበሪ ፓይ ዜሮን አስቡት። ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ 100 ሚሊአምፔር አካባቢ ይስባል። ይህች ባትሪ ያን ያህል መስጠት አትችልም እንጂ ብትችል እንኳ ሂሳቡ ሁለት ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ነው። ነቅቶ ይለካል፣ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲተኛ ስንት ይበላል?» ነው። መልሱን ደግሞ ከዳታሺቱ (አምራቹ የቺፑን ባሕርይ ከሚዘረዝርበት ሰነድ) የፊት ገጽ አትውሰዱ። እዚያ በጉልህ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሜሞሪው ጠፍቶ፣ ሰዓት ቆጣሪው ቆሞ፣ በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ቆጣሪው እየሠራ፣ ሜሞሪው ያለውን እንደያዘ፣ ሙቀቱም ከፍ ብሎ ሲለካ የሚታየው ነው። ሙቀት ሲጨምር ቺፑ ተኝቶም ቢሆን የሚበላው ይጨምራል። ይህ ቁጥር ከውስጥ ገጾች በአንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። መፈለግ ነው።

ቦርድና ቺፕን አንድ አድርጎ ማየትም ጣጣ ያመጣል። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው የሙከራ ቦርድ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ብቻውን ሲሆን በጣም ጥሩ ይተኛል፤ ጥቂት ማይክሮአምፔር ይበቃዋል። ቦርዱ ግን አይተኛም። ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሪጉሌተር፣ የዩኤስቢ ቺፑ፣ ያቺ ትንሽ መብራት ሳትቀር ነቅተው ያድራሉ። ከዚያ ሰው ቦርዱን ለክቶ «ይሄ ቺፕ ባትሪ ጨራሽ ነው» ይላል። ቺፑ ምን አደረገ? 16 ሜጋኸርዝ፣ 32 ኪሎባይት ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) እና 2 ኪሎባይት ራም (የጊዜያዊ ሥራ ሜሞሪ) ያለው ይህ ባለ 8 ቢት ቺፕ ለዚያ የሙቀት መለኪያ ይበቃል።

«ሊኑክስ የሚጭን ቦርድ ብንወስድ ሥራው ቶሎ ያልቃል» የሚሉም አሉ፤ እንደ ኮምፒውተር ሙሉ ስርዓተ ክወና የሚያሠራ ማለታቸው ነው። ካሜራ፣ ትልቅ ስክሪን ወይም ከበድ ያለ የኔትወርክ ሥራ ካለ እውነታቸውን ነው፤ አልከራከርም። ለአንድ መብራትና ለሁለት ሴንሰር ከሆነ ግን አበስኩ ገበርኩ! እስኪነሣ ሰከንዶች ይፈጃል። ኤስዲ ካርዱ ላይ እየጻፈ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ፣ ጭራሽ አልነሣም ሊል ይችላል። የደኅንነት ማሻሻያውንም ለዓመታት መከታተል አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው የሳይበር ደኅንነት ሕግ ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ይጸናሉ፤ አምራቹም ምርቱን በጥቅሉ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲደግፍ ይጠይቃል። ዕቃው ውስጥ ብዙ ሶፍትዌር በተቆለለ ቁጥር የሚጠበቀውም ይበዛል።

ይህን ስል ግን ትንሿን ቺፕ ብቻ አሳድዱ ማለቴ አይደለም። ያለ ልክ መቆጠብም ያስከፍላል። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ አውሉት። ከርቀት ሶፍትዌር መቀየር የሚችል ዕቃ ስታስቡ ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙን ሁለት ቅጂ የሚይዝ ቦታ ያስፈልጋል፤ አንዱ እየሠራ ሌላው ይወርዳል። የወረደው ካልሠራ ወደ ነባሩ ይመለሳል። ኢኤስፒ32 በተባለው ዋይፋይ ያለው ቺፕ ላይ የተለመደው አሠራርም ይኸው ነው። ፍላሹን ገና በመጀመሪያው ስሪት ጥርቅም አድርጎ የሞላ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

ሌላው ቺፑ መገኘቱ ነው። ኢንቴል ለምርት ሠሪዎች ያሰባቸውን ትናንሽ ኮምፒውተሮች፣ ጋሊሊዮን በ2013፣ ኤዲሰንን በ2014፣ ጁልን በ2016 አወጣ። ጁል በጊዜው ጉልበተኛ የሚባል ነበር። በ2017 ሦስቱንም እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ጁል አንድ ዓመቱን እንኳ አልደፈነም። በሌላ በኩል ያው ኢንቴል በ1980 ያወጣው የ8051 ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮሰሰርና ሜሞሪ በአንድ ቺፕ) ዲዛይን ዛሬም በሌሎች አምራቾች ቺፖች ውስጥ ይሠራል። በ2021 እና በ2022ቱ የቺፕ እጥረት ጊዜ ደግሞ እንደ ኤስቲኤም32 ያሉ በየቦታው የነበሩ ማይክሮኮንትሮለሮች ከገበያ ጠፉ፤ ለአንዳንዶቹ የሚሰጠው ቀጠሮ ከአንድ ዓመት በላይ ነበር። ያን ጊዜ የዳኑት ከመነሻው መውጫ ያበጁት ናቸው። የፒን (የቺፑ ማገናኛ እግር) አቀማመጡ አንድ ሆኖ የሜሞሪው መጠን የሚለያይ የቺፕ ቤተሰብ መርጠዋል። ሃርድዌሩን የሚነካውንም ኮድ አንድ ቦታ ሰብስበው ስለያዙ ቺፕ ሲቀየር ሁሉንም እንደ አዲስ አልጻፉም።

አምራቹ ራሱ የቺፑን እንከን የሚዘረዝርበት ኤራታ የሚባል ሰነድ አለ። ብዙ ሰው ይዘለዋል። በነሐሴ 2024 የወጣውን አርፒ2350 የተባለ ማይክሮኮንትሮለር እንይ። በመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ላይ የውስጥ ፑል-ዳውን (ፒኑን ወደ ዜሮ የሚስብ ሬዚስተር) የተደረገለት የግቤት ፒን ወደ ዜሮ መውረድ ሲገባው 2 ቮልት አካባቢ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችል ነበር። መፍትሔው ከውጭ 8.2 ኪሎኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ሬዚስተር መጨመር ነው። ሰርኪውቱን ስትስሉ ካነበባችሁት የአንድ ሬዚስተር ጉዳይ ነው። ቦርዱ ታትሞ ከመጣ በኋላ ካወቃችሁት ግን ጉድ ፈላ። እንከን ያልሆነ ገደብም አለ፤ የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ሁለተኛው የአናሎግ ማንበቢያው ዋይፋይ በርቶ ሳለ አይሠራም። «ፒኖቹ ይበቁናል» ብሎ ሴንሰሩን እዚያ ያገናኘ ሰው ዋይፋዩን ሲያበራ ነው የሚገባው።

አሁን ስለ ፍጥነት መጠየቅ ይቻላል። ሞተር መቆጣጠር፣ ድምፅ ማቀነባበር፣ ምስል መለየት ካለ ሂሳቡ ይከብዳል። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ውስጥ ያለው ኮርቴክስ-ኤም0+ የተባለው ኮር የአስርዮሽ ቁጥር የሚያሰላ የራሱ ሃርድዌር የለውም፤ ኮርቴክስ-ኤም4 ደግሞ ሊኖረው ይችላል። ይህ ከሜጋኸርዙ በላይ ለውጥ ያመጣል። መገመት ግን አያስፈልግም። ዋናውን ሥራ በሙከራ ቦርድ ላይ ጻፉት። ሥራው ሲጀምር አንድ ፒን ከፍ ይበል፣ ሲጨርስ ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ እዩት። ፒኑ ከአሥር ሚሊሰከንድ ውስጥ አንዱን ብቻ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ፈጣን ቺፕ የሚል ሐሳብ ይቅርባችሁ። ዘጠኙን ከያዘ ግን ቤተሰቡ ውስጥ ከፍ ያለውን ፈልጉ።